ጭቃ ያልነካው የዶሮ እግር

ቆጣሪዋ በዕድሜዋ አንድም ቀን ደግ ነገር ይመጣል ብላ ጠብቃ አታውቅም። ስልክ ሲጮኽ መርዶ ይመስላታል። ልጇ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች፣ መኪና ገጭቷት አስፋልት ላይ ተዘርራ ትታያታለች። ሰማይ ከጠቆረ ጎርፍ ነው፣ ከጠራ ድርቅ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጠባይዋን ስለሚያውቁ አይለቋትም። በተለይ ሾፌሩ፣ ጠዋት ጠዋት መኪናውን ባስነሳ ቁጥር፣

«እትዬ፣ ዛሬስ የምንሞተው በምንድን ነው? በጎማ ነው በፍሬን?» ይላታል።

«በአንተ አፍ!» ትለዋለች። ይሁን እንጂ ጎማውን ዞር ብላ ሳታይ አትሳፈርም።

ቆጣሪዋ የተባለችው በሥራዋ ነው። የምትሠራበት የሰብል ጥበቃ ጣቢያ ከረግረጉ ዳር ያለ ግቢ ነው፤ አንድ ቢሮ፣ አንድ የኬሚካል መጋዘን፣ ከበሩ አጠገብ የቆርቆሮ የዘበኛ ቤት፣ ከጀርባ ደግሞ ሁለት ክፍል የሠራተኛ መኖሪያ አለው። ከሁለቱ ክፍሎች በአንዱ እሷና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ሚጡ ይኖራሉ። አባትየው ሥራ ፍለጋ ብሎ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው። እስካሁን ፍለጋ ላይ ነው።

በየዓመቱ ማሽላው እሸት ሲይዝ ግሪሳ ይመጣል። ግሪሳ ከድንቢጥ የማትበልጥ ወፍ ናት። አንዷን ብቻ ያየ ሰው አንጀቱን ትበላዋለች። ችግሩ አንዷ ብቻዋን መጥታ አታውቅም። ሰማዩን እንደ ጭስ ሸፍነው ይመጡና ቀን የገበሬውን እርሻ ያራግፋሉ፣ ሲመሽ ከረግረጉ ሸምበቆ ውስጥ ገብተው ያድራሉ። ጣቢያው አውሮፕላን ያስመጣል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ወፎቹ ሸምበቆው ላይ ተጣብቀው ሲንጫጩ፣ አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ መድኃኒቱን ያርከፈክፍባቸዋል። «መድኃኒት» ነው የሚሉት። መርዝ ብሎ የሚጠራው ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ የለም።

በማግስቱ የእሷ ሥራ ይጀምራል። በአራቱም ጎን አንድ አንድ ሜትር የሆነች የእንጨት ፍሬም አለቻት። ፍሬሟን ትወረውራለች፤ ከወደቀችበት ውስጥ ያሉትን የሞቱ ወፎች ትቆጥራለች፤ ትጽፋለች፤ ደግሞ ትወረውራለች። ወረቀቷ ላይ ሁለት ዓምድ አለ። አንዱ «ግሪሳ» ይላል፣ ሁለተኛው «ሌላ» ይላል።

«ሌላ» በሚለው ሥር፣ በመጀመሪያው ዓመቷ፣ ጉጉት አሥራ አራት፣ ጭልፊት ሃያ አንድ፣ ሽመላ ሠላሳ ሁለት፣ ጆፌ አሞራ ዘጠኝ ብላ ጽፋ ነበር። ግሪሳዋ በመድኃኒቱ ትሞታለች፤ እነዚህ ደግሞ ግሪሳዋን በልተው ይሞታሉ። ወረቀቱን ላከች። ይጠሩኛል፣ ይቆጡኛል፣ ያባርሩኛል ብላ ሳምንት ሙሉ ምግብ አልበላ አላት። ማንም አልጠራትም። በሁለተኛው ዓመት ቁጥሩ በግማሽ ቀነሰ። በሦስተኛው ከዚያም ቀነሰ። ኃላፊው በስብሰባ ላይ ወረቀቷን ከፍ አድርጎ፣ «አሠራራችን ለመሻሻሉ ማስረጃው ይኸው!» አለ። ተጨበጨበ። ቆጣሪዋ ሲመሽ ከበራፏ ቆማ ስለምታዳምጥ የቁጥሩን ምሥጢር ታውቀዋለች። ጉጉት ከጮኸ ሁለት ክረምት አልፏል። ቁጥሩ የቀነሰው መድኃኒቱ ራርቶ አይደለም። የሚሞት እያለቀ ነው።

የቀሩት ንስሮቹ ነበሩ። ከረግረጉ ዳር ካለው ትልቅ ግራር አናት ላይ፣ ሰው ሊወጣው በማይችል እሾህ መካከል፣ የአልጋ ያህል የሰፋ የጭራሮ ጎጆ አላቸው። ባልና ሚስት ናቸው። ሚጡ «ሙሽሮቹ» ትላቸዋለች፤ አንዱ ሥጋ ይዞ ሲመጣ ሌላዋ አንገቷን ዘርግታ ስለምትቀበለው ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ሳታስቀምጥ ግራሩ ሥር ሄዳ ታያቸዋለች። ዘንድሮ አንድ ጫጩት ፈለፈሉ። ነጭ ላባ የለበሰ፣ ራሱን መሸከም የማይችል፣ ሲርበው እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ የሚል ጫጩት ነው።

አውሮፕላኑ ይመጣል የተባለ ቀን ሚጡ ከምሳዋ ላይ ቀና አለች።

«እማ፣ ሙሽሮቹ ግሪሳ ይበላሉ?»

«ብይ አሁን፣ ይቀዘቅዛል።»

«ይበላሉ ወይ ነው ያልኩሽ?»

ቆጣሪዋ ልጇን መዋሸት አትችልበትም። ብትዋሽም ፊቷ ያሳብቅባታል። «ሲያገኙ ይበላሉ» አለች።

«ስለዚህ ይሞታሉ።»

«እኔ እያለሁ አይሞቱም» አለች ቆጣሪዋ። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች። እንዲህ ያለ ነገር ተናግራ አታውቅም። ልጅቱ ግን ይዛዋለች። «እሺ» ብላ ወደ ምግቧ ተመለሰች፤ ነገሩ ያለቀ ያህል።

ቆጣሪዋ በቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄደች። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። ወፍራም፣ ቶሎ የሚስቅ፣ ከሠራተኛ ለቅሶ የማይቀር ሰው ነው። ችግሩ ሁልጊዜ ወደሚቀጥለው የግሪሳ ማደሪያ መቸኮሉ ነው፤ አንዱ ሲረጭ ሦስት ቦታ ገበሬ እየጮኸ ይጠብቀዋል።

«አለቃ፣ ዘንድሮ የሚለቅሙት ሠራተኞች ሰባት ቀን ይቆዩልኝ» አለችው። «መመሪያውም ሰባት ቀን ነው የሚለው። የሞተውን እየለቀሙ ይቅበሩ፣ ቆርቆሮ እየመቱ ንስሮቹን ያባርሩ። ጫጩት አላቸው።»

«የማን ጫጩት?»

«የንስሮቹ።»

ኃላፊው ሳቀ። «ባለፈው ዓመት መቅበሪያው ጉድጓድ ውኃ ይመርዛል አልሽ። ካቻምና አውሮፕላኑ ትምህርት ቤቱ ላይ ይወድቃል አልሽ። እሺ የኔ እህት፣ ዶሮዋ ትወስናለች። ከታመመች ሰባት ቀን አይደለም አሥር ቀን ሠላሳውንም ሰው እዚህ አቆይልሻለሁ። ቃሌ ነው። ከቆመች ግን በአራተኛው ቀን ጭነን እንሄዳለን።»

ዶሮዋ የጣቢያው የራሱ ሕግ ናት። መመሪያው ሰባት ቀን ጠብቁ ቢልም ሰባት ቀን የሚጠብቅ ሰው ጠፋ፤ ስለዚህ ከዓመታት በፊት አንድ ዘዴ አበጁ። ከተረጨ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ዘበኛው አንዲት ዶሮ ሸምበቆው መሐል በረዥም ገመድ ያስራል። ዶሮዋ እስከ ማግስቱ እዚያው ያገኘችውን ስትለቅም ትውላለች፣ ታድራለች። ከታመመች ሲረጭ የተሰቀለው ቀይ ባንዲራ አይወርድም፤ ሠራተኞቹም መልቀምና መቅበራቸውን ይቀጥላሉ። ደህና ከሆነች ቆጣሪዋ ፈርማ ነጩን ባንዲራ ትሰቅላለች፤ ቦታው «ንጹሕ» ይባላል፤ ሁሉም ጭኖ ይሄዳል። የመጀመሪያዋ ዶሮ ሞተች። ሁለተኛዋ፣ ቀይ ላባ ያላት፣ ኩሩ አረማመድ ያላት ዶሮ፣ አራት ዓመት ታስራ አራቱንም ተረፈች። ሾፌሩ «ኢንስፔክተሯ» የሚል ስም አወጣላት። በግቢው ስታልፍ ሰው ተነሥቶ ሰላምታ ይሰጣታል። ከኃላፊው ይልቅ እሷን የሚፈሩ አሉ ይባላል።

አውሮፕላኑ በሰዓቱ መጣ። ቆጣሪዋ ሚጡን ቤት ቆልፋባት፣ መስኮቱን በእርጥብ ጨርቅ ደፍና፣ ከመኪናው አጠገብ ቆመች። ሸምበቆው በወፍ ድምፅ ይፈላ ነበር። አውሮፕላኑ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ከዚያ የወፎቹ ድምፅ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ፤ ድስት ከእሳት ሲወርድ እንደሚቀንሰው።

ጠዋት መሬቱ አይታይም ነበር። ፍሬሟን በወረወረች ቁጥር ሁለት መቶ፣ ሁለት መቶ ሃያ ትቆጥራለች። ሁሉም አልሞቱም። ጭቃው ላይ ክንፋቸውን እያራገቡ የሚሽከረከሩ አሉ፤ አፋቸው አረፋ ይዟል። እሷ የሚንቀሳቀሰውን አትቆጥርም፤ ወረቀቱ የሞተውን ብቻ ነው የሚለው። ሠላሳ የቀን ሠራተኞች፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ በጆንያ እየለቀሙ ከትልቁ ጉድጓድ ይጥላሉ፣ ኖራ ይነሰንሱበታል። ሌሎቹ በቆርቆሮ ጩኸት ሰማዩን ይጠብቃሉ። ባልየው ንስር ሁለት ጊዜ ዝቅ ብሎ መጣ። ሁለቱንም ጊዜ ቆርቆሮው ተንኳኳበት፤ ተቆጥቶ ወደ ኮረብታው ማዶ ሄደ፤ ቀትር ላይ ጥንቸል ይዞ ተመለሰ።

«አየሽ?» አለቻት ሚጡን ማታ። «ጥንቸል ነው የበሉት።»

ልጅቱ ፈገግ አለች። ቆጣሪዋ ያን ፈገግታ አይታ፣ ዶሮዋ እንድትታመም ፈጣሪን ለመነች። ከዚያ ደግሞ ዶሮዋም ነፍስ ናት ብላ ተጸጸተች። ምን ብላ መለመን እንዳለባት ግራ ገባት።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ዘበኛው ኢንስፔክተሯን ታቅፎ፣ ገመዱን በትከሻው ጥሎ፣ ወደ ሸምበቆው ሲገባ ከሩቅ አየችው። ሽማግሌ ነው። ሰው ሁሉ «አባባ» ይለዋል። ከዚህ በፊት ስንት መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆሞ ያረጀ፣ ቃሉ የማይታጠፍ ሰው ነው። ቆጣሪዋ ቀኑን ሙሉ በማዶው ጥግ ስትቆጥር ስለዋለች ዶሮዋን አላየቻትም።

በአራተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ሁሉም ተሰብስበው ወደ ሸምበቆው ሄዱ። መኪኖቹ ተጭነው ቆመዋል። ዘበኛው ቀድሞ ደርሷል፤ ዶሮዋ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ገመዱን ይጠቀልላል። ቀና ብሎ አላያቸውም።

«አለች» አለ።

ዶሮዋ የወደቀ ሸምበቆ ላይ ቆማለች። አንገቷን ወዲያና ወዲህ ትሰብቃለች።

«ክብርት ኢንስፔክተር፣ እንኳን ለአምስተኛ ጊዜ ተረፉ!» ብሎ ሾፌሩ ቆቡን አወለቀ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ኃላፊው አጨበጨበ። «በሉ ጫኑ፣ ጫኑ!»

ቆጣሪዋ ወረቀቱ እንደሚያዘው ጎንበስ ብላ መረመረቻት። ዓይኗ ጥርት ያለ ነው። ምንቃሯ አረፋ የለውም። ክንፏ አልወደቀም። ከዚያ እግሯን አየች። ቢጫ ነው፤ ንጹሕ ቢጫ፤ ታጥቦ የደረቀ የሚመስል። ቆጣሪዋ ሳታስበው የራሷን ቦቲ ተመለከተች። ከመኪናው እዚህ ድረስ ሃያ እርምጃ ብትራመድ ነው፣ ጥቁሩ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተለጥፏል።

ደግማ የዶሮዋን እግር አየች።

«እሺ ቆጣሪያችን፣ ዛሬስ ምን ታየሽ?» አለ ኃላፊው። «ዶሮዋ በሳል ልትሞት ነው?»

እንደገና ሳቁ። እሷም ሳቀች። ሕይወቷን በሙሉ የሌለ ጉድጓድ ስታይ የኖረች ሴት ናት፤ ሚጡን አንድ ጊዜ በጉንፋን ምክንያት ሁለት ሐኪም ቤት አዙራታለች፤ ፍሬን ተበላሸ ብላ ስንት ጊዜ መኪና አስቁማለች። ሰለቻት። ራሷ ለራሷ ሰለቻት። ሠላሳ ሰው እየጠበቃት የዶሮ እግር ታየኝ ልትል ነው? እስቲ ለአንድ ቀን ደግ ነገር ደግ ይሁን አለች በልቧ። እስክሪብቶውን ተቀብላ ፈረመች። ቀዩን አውርዳ ነጩን ባንዲራ በገዛ እጇ ሰቀለች።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ መኪኖቹ ሄዱ። ቆርቆሮ የሚመታ ሰው አልቀረም። ረግረጉ ዝም አለ። ሸምበቆው ሥር ሳይለቀም የቀረው ግን የትየለሌ ነበር።

በስድስተኛው ቀን፣ ትምህርት የሌለበት ቀን ነበር፣ ቆጣሪዋ ልብስ እያጠበች ሳለ ሚጡ እየሮጠች ገባች።

«እማ! ሚስትየዋ መሬት ላይ ናት! መነሣት አቅቷታል!»

ከእናትየው አፍ የወጣው አንድ ጥያቄ ነው። «ነካሻት?»

ልጅቱ ሁለት እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች።

ቆጣሪዋ እንዴት ከመታጠቢያው እንዳደረሰቻት አታስታውስም። ልብሷን ገፈፈቻት። በሳሙና አጠበቻት፣ አለቀለቀቻት፣ እንደገና በሳሙና አጠበቻት፣ ክንዷ እስኪቀላ ፈተገቻት። መጋዘኑ በር ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ላብ፣ ምራቅ መዝረክረክ፣ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ መጥበብ።

«ዓይንሽን አሳዪኝ። ወደ መስኮቱ ዙሪ። ምራቅ መጣብሽ?»

«አልመጣብኝም! እማ፣ እሷ...»

«ዓይንሽን አትጨፍኚ አልኩ!»

«ተይኝ! እየሞተች ነው እኮ! ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌላት ነበር። ከአፏ ውኃ ይፈሳል። አንቺ ደግሞ ዓይንሽን አሳዪኝ ትያለሽ!»

ሁለት ሰዓት ሙሉ አልጋ ላይ አስቀምጣ ብሌኗን ስታይ ቆየች። ብሌኑ ሰፊ ነበር፤ በእንባ ተሞልቶ ሰፊ። ትልቁ መንገድ ዳር ካለው ጤና ጣቢያ ነርሷ በስልክ፣ «ምልክት ከሌላት እየተከታተልሽ ጠብቂ፤ ካየሽ ግን ወዲያው ይዘሻት ነይ» አለቻት። ምልክት አልነበራትም። ስታረጋግጥ ቆጣሪዋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ እያለሁ አይሞቱም አልሽኝ» አለች ሚጡ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። «ባንዲራውን የሰቀልሽውም አንቺ ነሽ። ከመስኮት አይቼሻለሁ።»

እናትየው ከወለሉ ተነሥታ ብርድ ልብስ ደረበችላት።

በማግስቱ ጠዋት ጓንት አድርጋ ብቻዋን ወጣች። ሚስትየዋ ግራሩ ሥር፣ ጥፍሮቿን ጨብጣ ሞታለች። ባልየውን ያገኘችው ከረግረጉ ኩሬ ዳር ነው፤ ክንፉን እንደ ተሰበረ ጃንጥላ ዘርግቶ በደረቱ ተኝቷል። ከጉሮሮው ውስጥ የግሪሳ ላባ ይታያል። ለጫጩቱ ሊያደርስለት ነበር፤ አላደረሰለትም። ጫጩቱ ከላይ ይጮኻል። ያ የዛገ ማጠፊያ ድምፅ ሳያቋርጥ ይወርዳል።

ለኃላፊው ደወለች። እሱ ሌላ ማደሪያ ላይ ነው፤ ከጀርባው የሞተር ድምፅ ይሰማል።

«አለቃ፣ ቦታው አልጸዳም። ንስሮቹ ሞቱ። ሰዎቹን ይመልሷቸው። መሰላልም ያስፈልገኛል፣ ጫጩቱ...»

«ቆይ፣ ቆይ። ዶሮዋ ቆማለች ብለሽ የፈረምሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ? ወረቀቱ ወደ ላይ ሄዷል የኔ እህት። ለአንድ ጫጩት ሠላሳ ሰው ከሥራ ላንሣ?» ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም ነበረበት። «በይ አይዞሽ» ብሎ ዘጋው።

እሷም ወደ ዘበኛው ቤት ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል። ኢንስፔክተሯ ጥግ ላይ፣ ጭድ በተነጠፈበት ካርቶን ውስጥ ተቀምጣለች። ቆጣሪዋ ስትገባ ዶሮዋ ተነሥታ ላባዋን አራገፈች፤ ሥሯ እንቁላል አለ። ቆጣሪዋ እንቁላሉን ነካችው። ትኩስ ነው።

«አባባ» አለች። «ይቺ ዶሮ ሸምበቆው ውስጥ አድራ ታውቃለች?»

ሽማግሌው ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጠ። ለመዋሸት አልሞከረም።

«አንድ ቀንም አላደረች።»

«አራቱንም ዓመት?»

«አምስቱንም።» እጆቹን አየ። «የመጀመሪያዋን እኔ ነኝ ያሰርኳት፣ ታስታውሻለሽ? ማለዳ ስሄድ አልሞተችም ነበር። እጄ ላይ ነው የሞተችው። እንደ ሰው ነው የምትንቀጠቀጠው ልጄ፣ እንደ ሰው። ይቺን ሲሰጡኝ ይዤ ገባሁ፤ ማሰር አቃተኝ። በሸምበቆው ዞሬ በጓሮ በኩል መለስኳት። ማለዳ ሰው ሳይመጣ ወስጄ የወደቀ ሸምበቆ ላይ አቆማታለሁ። መድኃኒቱ መቼም በሦስት ቀን ጠፍቷል አልኩ። ሰው አልሞተ፣ ከብት አልሞተ። ወፍ ነው እንጂ የሚሞተው። ወፍ ደግሞ... ወፉን ለመግደል አይደል እንዴ የሚረጨው?»

ቆጣሪዋ ልትጮኽበት አፏን ከፈተች። ግን የዶሮዋ ንጹሕ ቢጫ እግር ፊቷ ላይ ድቅን አለ። እሱ ለዶሮዋ ራርቶ ደበቀ፤ እሷ ደግሞ አይታ ዝም አለች። በማን ላይ ትጩኽ?

«ሠላሳ ሰው አሥር ቀን ይቆይ ነበር» አለች ብቻ። «ቃል ገብቶልኝ ነበር። ብትታመም ኖሮ።»

«አላወቅኩም።»

«ዶሮዋን ስጡኝ።»

«ልጄ፣ እባክሽ። አሁን ምን ይጠቅማል? ያለፈው አለፈ።»

«ነጩ ባንዲራ እንደተሰቀለ ነው፣ አባባ። ነገ የመንደሩ ሴቶች ሸምበቆ ሊያጭዱ ይገባሉ። ልጆቻቸውን አዝለው ነው የሚገቡት። በቃሌ አያምኑኝም፤ እኔ ሁልጊዜ ሟርተኛ ነኝ። ዶሮዋን ግን ያምናሉ።»

ሽማግሌው ተነሥቶ ዶሮዋን አነሣትና፣ ራሷን በአውራ ጣቱ አሻሽቶ፣ ሰጣት። ገመዱን ይዞ ከኋላዋ ተከተላት።

ሸምበቆው መሐል አሰሯት። ኢንስፔክተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁሩን ጭቃ ረገጠች። መጀመሪያ እግሯን እያነሣች አራገፈች፤ ቀፈፋት። ከዚያ መጫር ጀመረች። የበሰበሱት ግሪሳዎች ላይ ትል ፈልቷል። ዶሮዋ ደስ አላት፤ እያስካካች፣ ቶሎ ቶሎ ለቀመች። ቆጣሪዋ ማየት አልቻለችም፤ ግን አየች፤ ፈርማለችና። ከቀትር በኋላ ዶሮዋ መጫሯን ተወች። ክንፎቿ ቀስ ብለው ወረዱ። ምራቅ ከምንቃሯ ተንጠለጠለ። ሽማግሌው ጓንት አድርጉ ብትለው አልሰማትም፤ ገብቶ አቀፋት። እንደ መጀመሪያዋ እጁ ላይ ሞተች። ከዚያ በኋላ ቆጣሪዋ የሽማግሌውንም እጅ በሳሙና አጠበችለት፤ እንደ ሕፃን እጁን ዘረጋላት።

ነጩን ባንዲራ አወረደች። ቀዩን ስትሰቅል፣ ከማዶ መንገድ ማጭድና ገመድ የያዙ ሁለት ሴቶች የነገውን ሥራ ሊያዩ ይመጡ ነበር። ቆመው አንጋጠጡ።

«ምን ሆነ?» ብላ አንደኛዋ ጮኸች።

«ዶሮዋ ሞተች!»

«ኢንስፔክተሯ?» ሴትየዋ አፏን በእጇ ያዘች። ሁለቱም ዞረው በመጡበት መንገድ ሄዱ።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ሚጡ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷን ወደ ግራሩ አዙራለች። ቆጣሪዋ እጇን ታጥባ፣ ልብሷን ቀይራ፣ አዲስ ወረቀት ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። ማን እንደሚያነበው አታውቅም። ምናልባት ማንም አያነበውም። ወደ ላይ የሄደውን ወረቀት የሚሽር ወረቀት ከዚያ ጣቢያ ወጥቶ አያውቅም። የልጅቱን ዓይን በጎን አየችው፤ ብሌኑ ደህና ነው።

«ሌላ» በሚለው ሥር፣ «ንስር፣ ሁለት» ብላ ጻፈች። ከሥሩ፣ «ዶሮ፣ አንድ፤ የሞተችው ቦታው ንጹሕ ነው ተብሎ ከተፈረመ በኋላ ነው። የፈረምኩት እኔ ነኝ» ብላ ጨመረች። ከዚያ «ጫጩት» ብላ ልትጽፍ እስክሪብቶውን ሦስተኛው መስመር ላይ አሳረፈች።

ሚጡ ሳትዞር እጇን ዘርግታ የእናቷን ክንድ ያዘች። ቀኑን ሙሉ ስትነካት ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ቆይ» አለች። «ገና ነው። ስሚ።»

ቆጣሪዋ አዳመጠች። ከግራሩ አናት፣ ከበፊቱ የሳሳ፣ እየቆየ የሚመጣ አንድ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሁለቱም የሚቀጥለውን ጠበቁ።